ጎማም ማረሻ ነው

«አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል» ይላል ያገራችን ሰው። እኛም ለባጃጅ ሒሳብ ኪሳችንን ሁለቴ የምንዳብስ የፔዳ ግቢ ተማሪዎች ሆነን ሳለ፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የሰው መኪና ስንንቅና ስናማርጥ ከረምን። ይቺኛዋ ሞተሯ ደክሟል፤ ያቺኛዋ ሻንሲዋ ዝጓል፤ የወዲያኛዋንማ ተዉአት!

ነገሩ ወዲህ ነው። የአንዳችን አጎት ዕድሜያቸውን በሾፌርነት ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። እጃቸው ከመሪ ሲለይ ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ከዘመድ ጋር ገንዘብ አዋጥተው አራቱም ጎማ የሚጎትት አሮጌ መኪና ሊገዙ ተነሡ። ጋሼ እንላቸዋለን። «በሥራ ቀን እህል እጭንባታለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ የእናንተ ትሁን። ናፍጣውና ጉልበቱ ግን ከእናንተ ነው» አሉን። አምስት ነን፤ ሁለታችን ሥነ ጽሑፍ፣ ሁለታችን ታሪክ፣ አንዷ ጂኦግራፊ የምናጠና። ከመካከላችን ቡሎን ፈትቶ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ጉልበት ግን ነበረን፤ ከጉልበትም በላይ ምላስ ነበረን።

«ለምን አሮጌ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አዲሱ ከየት ይመጣል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠራው በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ወሰነ። ስለዚህ እዚሁ ያለው አሮጌ ብረት በቆየ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ይህን ያወቀ ሻጭ ደግሞ ቀለም ቀብቶ ይጠብቅሃል። እንግዲህ መምረጥ ማለት ከቀለሙ ሥር ያለውን ማየት ነው።

ሦስት አየን። የመጀመሪያዋ ላንድሮቨር ናት። ላንድሮቨር ለዓለም የታየችው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ነው። እንግሊዝ ከጦርነቱ ማግሥት ብረት አጥሯት ስለነበር ገላዋን ከአሉሚኒየም ሠሯት። ገላዋ ስለዚህ አይዝግም፤ ከሥር ያለው ሻንሲ ግን ብረት ነው። ጋሼ በጀርባቸው ተኝተው ሻንሲውን በመዶሻ መታ መታ አደረጉት። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ ዝገት የበላው ድም ይላል። ድም አለ። ሻጩ ገላዋን ሲያወድስ ጋሼ አቧራቸውን አራግፈው ተነሡና «ልብሷስ ያምራል» አሉ። ሄድን።

ሁለተኛዋ ላዳ ኒቫ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣች የሶቪየት ልጅ። እኛ በጣም ወደድናት። አራቱም ጎማዋ ሁልጊዜ ይጎትታል፤ በባሌስትራ ፈንታ ሞላ ስላላት አታንገጫግጭም፤ ትንሽ ስለሆነች በጠባብ መንገድ ትሹለከለካለች። ከተማችንም ለሩስያ ማሽን ባዳ አይደለችም፤ ፖሊ ራሱ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት እርዳታ የተከፈተ ነው። ግን ኒቫ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። ገላዋና አጥንቷ አንድ ነው፤ ላሜራው ተሰነጠቀ ማለት አጥንቷ ተሰበረ ማለት ነው። እህል የሚጫንበት ቦታም የላትም። ጋሼ «ለፍቅረኛሞች ትሆናለች» ብለው አለፏት። ከታሪክ ተማሪዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ ያዝንላታል።

ሦስተኛዋ ላንድ ክሩዘር ናት፤ 40 የሚባለው ዘር። ጃፓኖች ይህን ዘር እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ሠርተውታል። የእኛዋ ከመጨረሻዎቹ ናት፤ ረጅሟ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ አራት ሊትር ናፍጣ። ቱርቦ የላት፣ ኮምፒዩተር የላት። ፊትም ኋላም ባሌስትራ ነው፤ ስትሄድ እንደ ጋሪ ታንገጫግጫለች። መቀመጫዋ ተቀዷል፤ አንዱ በሯ በገመድ ይታሰር ነበር። መዶሻው ግን ጮኸ! ጋሼን የማረካቸው ግን እሱ ብቻ አይደለም። «ልጆቼ፣ መኪና ስትመርጡ ሞተር አትምረጡ፤ ሰው ምረጡ» አሉን። «እዚች ከተማ ውስጥ ስንት ሰው ያውቃታል? መንገድ ላይ ብትቆምብን ፈቶ የሚገጥማት ማን ነው? ይህን ጠይቁ።» ጠየቅን። ብዙ ሰው ያውቃታል። ተገዛች።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜያችን ጋራዥ ሆነ። ሥነ ጽሑፍ የምናጠናው ሁለታችን እዚያ ያልጠበቅነውን ትምህርት አገኘን። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቢየላ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፤ ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ፤ ኧረ ጎማ የሚለው ራሱ! ሁሉም ከጣሊያን የመጣ ነው። የስታራቼ ጦር በመኪና ተጭኖ መጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ ቀጥሎም ወደ ባሕር ዳር ወረደ። ወራሪው አምስት ዓመት ቆይቶ ተባረረ። ቃሉ ግን ዘይት ጠጥቶ ጋራዣችን ውስጥ ቀረ። መካኒኩን «ፍሪሲዮን የማን ቃል ነው?» ብንለው «የመኪና ነዋ!» አለን። እውነቱን ነው። ቃልም ሠርቶ የሚያሠራው ሰው ካገኘ የመጣበት ይረሳል።

ጠባችን የተጀመረው «ምን እናድርግላት?» ላይ ነው። የሁለቱ ጓደኞቻችን ስልክ የዱባይና የአውስትራልያ ፎቶግራፍ ሞልቶበታል። ቁመቷ መሰላል የሚያስፈልገው፣ ጎማዋ እንደ ትራክተር የሰፋ፣ ጣሪያዋ ላይ ፓውዛ የተደረደረባት መኪና። «እንዲህ ትሁን!» አሉ። መካኒኩ ሥራውን አቁሞ አስረዳን። መኪና ከፍ ስትል ክብደቷም አብሮ ከፍ ይላል፤ ጎን ለጎን ያዘነበለ ቦታ ላይ መገልበጥ ይቀላታል። ጎማው ሲያድግ ሞተሩ ይከብደዋል፤ ፍሬኑ ይደክማል፤ የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል። ደግሞ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ስስ አየር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። «ናፍጣውን እንጨምርለት» ብትሉ አየሩ አይበቃውምና ያልነደደው በጥቁር ጭስ ይወጣል። እንዲያውም መካኒኩ ናፍጣውን ቀነሰው።

ታዲያ ምን ተሠራ? ለፎቶግራፍ የሚሆን ነገር የለም። ራዲያተሩ ወርዶ ታጠበ። ፍሬኑ ታደሰ። 7.50 በ16 የሚባለው ቀጭን ጎማ ተገጠመ። ይህን ልክ የጭነት መኪናም ስለሚያደርገው ካላማዳሪው ቢተነፍስ የትኛውም ጎሚስታ ይለጥፈዋል። ቀጭን መሆኑም ይበጃል፤ ጭቃው ስስ ከሆነ ሰንጥቆ ታች ያለውን ጠንካራ መሬት ይይዛል። ከፊትና ከኋላ የመጎተቻ ቀለበት ከሻንሲው ጋር ታሰረ። ከሁሉ የረከሰውና ከሁሉ ያስደነቀን ግን አንድ ቀጭን ቱቦ ነው። ዲፈረንሻል ሲሠራ ይግላል። ወንዝ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዝና ውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር ውኃ ይስባል፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ይበላሻል። ስለዚህ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ በቱቦ ወደ ላይ ተሳበ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የሞተሩን አየር መሳቢያ ከፍ ማድረግ ለሌላ ጊዜ ቀረ። እስከዚያው ሕግ አወጣን። አንዳችን በእግራችን ገብተን ሳንለካ መኪናዋ ወንዝ አትገባም፤ ውኃው ከጉልበት ካለፈም አትገባም። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ቢየላውን እንደ ሽቦ ያጣምመዋል። ደግሞም በዚች መኪና አራቱን ጎማ ለማስጎተት ሰው ወርዶ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጁ ማዞር አለበት። አስፋልት ላይ ሲወጣ መልሶ ይፈታል፤ በኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ የሚሄዱት ርቀት እኩል ስላልሆነ ደረቅ መንገድ ላይ ተያይዘው ከሄዱ ጥርሳቸውን ይበላሉ። በመጀመሪያ ይህ መውረድ መውጣት አሰልችቶን ነበር። አሁን ግን ወደድነው፤ መሬቱን በእግር ሳይረግጡ ጭቃ መግባት የለም።

በመጨረሻ ጋሼ ከኋላ ግራና ቀኝ ረጅም አግዳሚ ወንበር አስበየዱ። የፓውዛው ገንዘብ ለዚያ ዋለ። ሁለቱ ጓደኞቻችን አኮረፉ። «ባዶ መኪና በገጠር መንገድ ሰው ጥሎ ሲያልፍ ነውር ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ የት እንሂድ? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ውስጥ የተነሣው ጦርነት ጉዞን ሁሉ የዕለት ዕድል አድርጎታል። ጋሼ በጠዋት ደውለው መንገዱን ሳይጠይቁ ቁልፍ አይሰጡንም። ስለዚህ ቅዳሜያችን አጭር ናት፤ ከከተማችን አንርቅም፤ ሳይመሽ እንመለሳለን። በሌላው ዓለም ከመንገድ ወጥቶ መንዳት የእረፍት ቀን ጨዋታ ነው። እኛ ዘንድ ግን ለብዙው ሰው መንገዱ ራሱ ገና አልደረሰም። ታዲያ «ከመንገድ ወጣን» ስንል ማን ላይ ወጣን? ባዶ መሬት የለም። አንዱ የሰው እርሻ ነው፤ አንዱ ግጦሽ ነው፤ አንዱ የውኃ መውረጃ ነው።

ጂኦግራፊ የምታጠናው ጓደኛችን ስለ ዋልካ ያስተማረችንን እዚህ እናስገባ። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ፣ ጉማራና ርብ ክረምት ሲሞሉ የሚተኙበት የፎገራ ሜዳ በብዛት ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ክረምት የገባ መኪና የጎማው ጥርስ ይሞላና ጎማው ሳሙና ይሆናል። አራቱም ይጎትቱ፣ አሥሩም ይጎትቱ፣ ለውጥ የለውም። ተጎትቶ ቢወጣ እንኳ ጎማው የተወው ቦይ በበጋ እንደ ሸክላ ደርቆ ይቀመጣል። መኪናው ሄዷል፤ ቦዩ ግን ለገበሬው ቀረ።

የሐይቁ ዳርም እንዲሁ ነው። ውኃውና የብሱ በሚገናኙበት ረግረግ ላይ ደንገል ይበቅላል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ የሚሠሩት በዚህ ደንገል ነው። ዓሣ ይራባበታል፤ ወፍ ይጎጆበታል። በአንድ በኩል እርሻው እየገፋው፣ በሌላ በኩል እምቦጭ እየወረረው የቀረው ቀርቷል። በዚያ ላይ የእኛ መኪና ስትጨመር አስቡት።

አንድ ቅዳሜ ወደ ዘጌ ወጣን። መንገዱን ጨርሰን ከዳር ስንደርስ ሁለቱ የፎቶግራፍ ወዳጆች «በደንገሉ ውስጥ አንዴ እንለፍባት፤ አምስት ደቂቃ ብቻ! ውኃው ግራና ቀኝ ሲረጭ እናንሣት» አሉ። ክርክር ተነሣ። ሁለት ለሁለት ሆንን፤ አምስተኛዋ ዝም አለች። ቡና ሲያሰጡ የነበሩ ሽማግሌ ጩኸታችንን ሰምተው መጡ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ መኪናዋን ዞረው አዩ፤ ጎማዋን በእጃቸው ዳበሱ። «እሷን እዚህ አቁሟትና በእግራችሁ ግቡ፤ እዚህ በሬ እንኳ አይገባም» አሉን።

የሳቅን ነበርን። ዝም ያለችው ጓደኛችን ግን አልሳቀችም። ዘጌ የማይታረስ አገር ነው። እንደሚተረከው፣ አቡነ በትረ ማርያም በባረኩት በዚያ ልሳነ ምድር ሰው ሳያርስና ቀንድ ከብት ሳያረባ እንዲኖር ቃል ተገብቷል። ሰዉ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ኖረ። አካባቢው ሁሉ ተመንጥሮ ሲያልቅ የዘጌ ደን የቆመው፣ ገዳማቱም በጥላው የተቀመጡት ለዚህ ነው። ያን ደን የጠበቀው አጥር አይደለም፤ «ይህ እዚህ አይገባም» የሚል ቃል ነው።

«እስቲ ወደ ኋላ እዩ» አለችን። አየን። ከመንገዱ ጥቂት እርምጃ ወጥተን በቆምንበት እርጥብ ሣር ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ተስሏል፤ ውኃ መቋጠር ጀምሯል። ነገ ሲዘንብ ውኃው ያንኑ ይዞ ይወርዳል። ጎማም ማረሻ ነው፤ ልዩነቱ ዘር አለመከተሉ ነው። ድምፅ መስጠቱ ቀረ። መኪናዋን ወደ ጠጠሩ መልሰን በእግራችን ገባን። ስንመለስ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ጌሾ የያዙ እናቶች ተሳፈሩ። የፓውዛ ወገኖች ከኋላ ቆመው መጡ፤ አላኮረፉም።

ለምታነቡን የምንለው ይህ ነው። ለአሮጌ መኪና የሚጨመርላት ብዙ ነገር በገበያ አለ፤ አንድ ነገር ግን አይሸጥም፤ የት እንደማትገባ ማወቅ። ይህን የሚያውቀው መሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ ከመኪና መውረድ ያስፈልጋል። ጋሼ የደወሉ ቅዳሜ፣ ወንበር እስካለ ድረስ፣ መምጣት የፈለገ ይምጣ። ናፍጣ ያዋጣ፤ የሚረግጥበት ጫማ ያድርግ። ፓውዛ የፈለገ ግን ሌላ መኪና ይፈልግ።