ለአንዲት እናት ጆሮ ስንት ይወጣል?

በቤታችሁ ጮክ ብላችሁ ካልተናገራችሁት የማይሰማ አባት ወይም አክስት ቢኖር «እርጅና ነው» ብላችሁ ታልፉት ይሆናል። ዓይን ሲደክም መነጽር ለመግዛት የማናመነታ ሰዎች፣ ጆሮ ሲደክም ግን እንደ ዕጣ ፈንታ አድርገን እንቀበለዋለን። ዛሬ የማነሣላችሁ የሒሳብ ጉዳይ ነው። መስማት ለተሳነው ጐልማሳ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ጥያቄው የመጣው ከራሴ ዘመዶች ቤት ነው። ገርጂ የሚኖሩ አክስት አሉኝ፤ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ሦስት ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ጆሯቸው ቀስ በቀስ እየደከመ ሄዶ፣ ዛሬ የመስሚያ መሣሪያው ድምፁን ያጐላላቸዋል እንጂ ቃሉን አይለይላቸውም። ሐኪም ኮክሌር ኢምፕላንት ስለሚባለው ሕክምና በነገራቸው ጊዜ በቤተሰቡ መካከል ክርክር ተነሣ። ታላቅ ወንድማቸው «በዚህ ገንዘብ አንድ ልጅ ይማርበታል፤ ለሃምሳ አምስት ዓመት ሴት ጆሮ ይህን ሁሉ ማውጣት ምን ይባላል?» አሉ። አክስቴ ቃሉን አልሰሙም፤ ፊታቸውን አይተው ግን ዝም አሉ።

ለመሆኑ መሣሪያው ምንድን ነው? ተራው የመስሚያ መሣሪያ ድምፅን አጉልቶ ወደ ጆሮ ይልካል። ኮክሌር ኢምፕላንት ግን በቀዶ ሕክምና ቀንድ አውጣ በሚመስለው የውስጥ ጆሮ ክፍል የሚገባ ቀጭን ሽቦ ያለው ሲሆን፣ ከጆሮ በስተኋላ ከሚደረገው ክፍል የሚመጣለትን ምልክት በኤሌክትሪክ አማካይነት በቀጥታ ለመስሚያ ነርቭ ያደርሳል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ግሬም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በሜልቦርን ከተማ የመጀመሪያውን በሽተኛቸውን በዚህ ዘዴ አክመዋል።

ዋጋው ቀላል አይደለም። መሣሪያው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ፣ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሸክሙ ከብዷል። ቀዶ ሕክምናውም የወጪው መጨረሻ አይደለም። መሣሪያውን ደጋግሞ ማስተካከል፣ አዲሱን ድምፅ ለመልመድ መለማመድ፣ ባትሪ መግዛት፣ ከዓመታት በኋላም የውጪውን ክፍል መለወጥ ይከተላል።

ይሁን እንጂ ሒሳብ ሁለት ገጽ አለው። የአክስቴ ደንበኞች የሚያዝዙት በስልክ ነው። ስልክ መስማት ስለተሳናቸው ሁለት ምግብ ቤቶች ወደ ሌላ ሄደዋል፤ የመጨረሻዋ ልጃቸውም የእናቷ ጆሮ ለመሆን የማታ ትምህርቷን አቋርጣለች። እንግዲህ «አንድ ልጅ ይማርበታል» ለሚሉት አጎት መልሱ እዚያው ቤት ውስጥ አለ፤ የእናት ጆሮ በመዘጋቱ ትምህርቷን የተወች ልጅ አለች። ይህ ወጪ በደረሰኝ ስለማይመጣ ማንም አልደመረውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ግን ደምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ያልታከመ የመስማት ችግር ዓለምን በየዓመቱ ወደ 1 ትሪሊዮን ዶላር የሚጠጋ እንደሚያስከፍላት ገልጧል። በእንግሊዝ የሕክምናን ጥቅምና ወጪ የሚመዝነው ናይስ የተባለው ተቋም ደግሞ፣ ከመስሚያ መሣሪያ በቂ ጥቅም ላላገኙና መስማታቸው እጅግ ለደከመ አዋቂዎች በአንድ ጆሮ መትከል ያዋጣል ሲል ወስኗል። በሁለቱም ጆሮ እንዲተከል የፈቀደው ግን ለልጆችና፣ ማየት የተሳናቸውን ለመሰሉ በመስማት ላይ ይበልጥ ለሚደገፉ አዋቂዎች ነው።

ይህ ሲባል ግን ለሁሉም ይበጃል ማለት አይደለም። ይበልጥ የሚጠቀመው ቀድሞ ይሰማና ይናገር የነበረ፣ ጆሮው ከተዘጋም ብዙ ዘመን ያልቆየ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በምልክት ቋንቋ የኖረ ጐልማሳ ሙሉ ቋንቋ ያለው ሰው ነው፤ እርሱን እንደ በሽተኛ ልንቈጥረው አይገባም። ለብዙዎች ደግሞ መፍትሔው የተጠራቀመ የጆሮ ኩክ ማስወጣት፣ የሚመግል ጆሮን ማሳከም ወይም ተራውን መሣሪያ ማድረግ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እህቴ፣ ንብረት ከመሸጥሽ በፊት ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ሄደሽ ተገቢው የመስማት ምርመራ እንዲደረግ ጠይቂ። የቀዶ ሕክምናውን ብቻ ሳይሆን የአሥር ዓመቱን ወጪ ጠይቂ፤ መሣሪያው ቢበላሽ እዚሁ አገር የሚያስተካክል ባለሙያ እንዳለም አረጋግጪ። በቦሌ ለሚ ወይም በሌላ ፋብሪካ መኪና ሲጮህ የምትውዪ ሠራተኛ ከሆንሽም የጆሮ መከላከያ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ 80 ዴሲቤል ድምፅ መስማት ጆሮን ይጐዳል፤ መከላከያው ግን ከሕክምናው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ቤተሰብ ስለ አንድ ሰው ጆሮ ሲመክር ባለጆሮው ከምክሩ አይገለል። ካልሰማ ይጻፍለት፤ የሚያዋጣውንና የማያዋጣውን ቀድሞ መናገር ያለበት እርሱ ነው።