ገጹን አሳየኝ

ሲሬ ሳስተምር የልጆቹ ወሬ ሁሉ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነበር። በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ ተከታዮችም ያስከተለው፣ ስለላን ከጣና ምስጢር ጋር ያቆራኘው ልብወለድ ማለቴ ነው። በእረፍት ሰዓት ክርክሩ «ድብቁ ክፉ ማነው?» ነበር። አንዱ ዝምተኛውን ይጠረጥራል፣ ሌላዋ ደጉን። እኔ ደግሞ «ገጹን አሳየኝ» እላለሁ። ከመጽሐፉ ምልክት ካላመጣህ ሐሜት ነው።

አንዱ ተማሪ ታዲያ «ቲቸር፣ የቡዳስ ገጹ የት ነው?» አለኝ። አባቱ ቀጥቃጭ ናቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

እውነቱን ነው። ቀን ብረት ቀጥቃጭ፣ ሌሊት ጅብ! ከዚህ የበለጠ ምናባዊ ታሪክ ከየት ይመጣል? ተጠርጣሪው ግን ሁሌም ያው ነው፤ ማረሻችንን የሠራልን፣ ምጣዳችንን ያበጀችልን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ።

ደራሲ መጨረሻ ላይ ክፉውን ያጋልጣል፣ በከንቱ የተጠረጠረውም ነፃ ይወጣል። የቡዳ ተረት ግን መጨረሻ ምዕራፍ የለውም፤ ጥርጣሬው ለልጅ ይወረሳል፣ ጋብቻም ያስከለክላል።

ልጆቼ፣ መጽሐፍ ላይ እንደልባችሁ ጠርጥሩ፣ ደስ ይላል። ጎረቤታችሁ ላይ ሲሆን ግን መጀመሪያ ገጹን ጠይቁ።