ከመነጽሩ በፊት መያዣውን እዪ

ለምወድሽ ልጄ፣

የአዳኝነቱን ፈተና አልፈሽ ወደ ጀርመኑ ቱሪንገን ጫካ ለሥራ ልትሄጂ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ሽማግሌው ጎረቤታችን የተዉልሽን ማውዘር 98 በጦር መሣሪያ ፈቃድ ካርድሽ ማስመዝገብሽን እናትሽ ነግራኛለች። አሁን ደግሞ የማነጣጠሪያ መነጽር ላስገጥምለት ነው ብለሻል። ዕድሜዬን በብረት ሥራ ነው የጨረስኩት፤ ስለ መስታወቱ ሌሎች ይምከሩሽ፣ ስለሚሸከመው ብረት ግን ዝም ብል ይቆጨኛል።

ማውዘር 98 ሲፈጠር ለወታደር ነው የተሠራው፤ በላዩ መነጽር ይቀመጥበታል ተብሎ አልታሰበም። መቀርቀሪያውን ስትከፍቺ እጀታው ሽቅብ ይነሳና ዝቅ ያለ መነጽር ይገጫል። ከኋላ ያለችው የደህንነት ክንፍም ከግራ ወደ ቀኝ ስትዞር ቀጥ ብላ ቆማ ነው የምታልፈው። የድሮ ባለሙያዎች ለዚህ ብለው መነጽሩን ከፍ አድርገው ሰቀሉት። በሥሩ አጮልቆ በብረቱ ማነጣጠሪያ ማየት መቻሉ ትርፍ ሆነ። ኪሳራው ጉንጭሽ ላይ ነው፤ ሰደፉ የተጠረበው ለብረቱ ማነጣጠሪያ ስለሆነ ወደ መነጽሩ ቀና ስትዪ ፊትሽ የሚያርፍበት ያጣል። ስለዚህ ክንፏን በጎን በምትገፋ አስለውጠሽ፣ እጀታውን አስጎብጠሽ፣ ቦታው የፈቀደውን ያህል ዝቅ አድርጊው።

በላክሽልኝ ፎቶ ጠመንጃው ላይ ከፊትና ከኋላ ቀዳዳ የተፈለፈለባቸው ሁለት መሠረቶች አይቻለሁ። ይህ የዙል የጥፍር መያዣ ነው፤ ስሙ ራሱ ከምትሄጂበት አገር ከተማ የመጣ ነው። የመነጽሩን የፊት ጥፍሮች ታስገቢና ኋላውን ወደ ታች ትጫኚዋለሽ፤ በስፕሪንግ የሚሠራው መቆለፊያ ቀጭ ብሎ ይይዘዋል። ሲፈታም እንደዚያው በቅጽበት ነው። ጥፍሮቹ ለዚያ ለአንድ ጠመንጃ ብቻ በእጅ በሞረድ የተስተካከሉ ናቸው፤ ከሌላ ጠመንጃ የወረደ መነጽር እንደ ጎረቤት ቁልፍ ነው፣ ቢገባም አይከፍትም። አዲስ ጥፍር ማሠራቱ ከመነጽሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላልና ገንዘብሽን ስትመድቢ ከዚያ ጀምሪ።

ተነቃይ መሆኑ ለምን ያስፈልጋል ትዪ ይሆናል። ማታ ከማማ ላይ ሆነሽ የዱር አሳማ ስትጠብቂ ያለ መነጽር አይሆንልሽም። የቆሰለውን አሳማ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትከታተዪ ግን በጥቂት እርምጃ ርቀት ነው የሚወጣብሽ፤ ያኔ መነጽር ዓይን ይጋርዳል።

አሮጌ የዛይስ ወይም የሄንሶልት መነጽር ካገኘሽ አትቸኩዪ። ብዙዎቹ የድሮ የጀርመን መነጽሮች በውስጣቸው ላይና ታች ብቻ ነው የሚስተካከሉት፤ ግራና ቀኙ የሚስተካከለው ከኋላው መያዣ ነው። ያንቺ መሠረት ግራና ቀኙን ካላስተካከለ መነጽሩ ቢያምርም ተዪው። የቱቦውንም ውፍረት አስለኪ፤ የድሮው የጀርመን ብዙውን ጊዜ 26 ሚሊሜትር፣ የአሜሪካኑ 25.4 ነው። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፣ ግን የአሜሪካን ቀለበት በጀርመን ቱቦ ላይ በቪቴ ካጠበቁት ቱቦውን ይጨመድደዋል።

ጠመንጃው መሠረት የሌለው ቢሆን ኖሮ በጎን ገብቶ በሩብ ዙር የሚታጠፈውን፣ የኤርንስት አፔል ኩባንያ የሚሠራውን ዓይነት መያዣ እመርጥልሽ ነበር። አሜሪካኖቹ ግሪፊንና ሃው በጎን የሚያስሩትም ጥሩ ነው፤ ግን የጠመንጃውን ግራ ጎን ያስበሳል። ያንቺን ማንም በትራፓኖ እንዳይነካው፤ አንዴ ከተበሳ የጥንት ዋጋው አይመለስም። መሠረቱ ላልቶ ከተገኘም በዝቅተኛ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ብቻ ይበየድ። የማውዘር አካል ላዩ የጠነከረ፣ ውስጡ ለስላሳ ብረት ነው፤ ኃይለኛ እሳት ጥንካሬውን ይወስደዋል። የጥይቱን ግፊት ከፊትሽ የሚመክተው ደግሞ ያ ብረት ነው።

ዙል ጠመንጃ ሠሪዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ናት፤ ባለሙያ አታጪም። ሒሳቡን ከመክፈልሽ በፊት በ100 ሜትር ሦስት ጥይት ተኩሺ፣ መነጽሩን ንቀዪና መልሰሽ ግጠሚ፣ ሦስት ድገሚ። ሁለተኛዎቹ ሦስት ጥይቶች ከመጀመሪያዎቹ ከራቁ ሥራው አላለቀምና ጠመንጃውን አትረከቢ። የተበሳውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

አባትሽ