እንግሊዝ አገር ደዋይ ሆንኩላችሁ!

እናንተዬ፣ ስደት ብቸኝነቱ ነው የሚገድለው። እንግሊዝ አገር "ቡና ጠጡ" ብሎ የሚጠራ ጎረቤት የለም። እኔን ከሰው ያገናኘኝ ምን ይመስላችኋል? የቤተ ክርስቲያን ደወል!

እኛ አገር አንድ ዲያቆን ገመዱን ሳብ ሳብ ካደረገ በቂ ነው። የእነሱ ግን ሌላ ነው። ደወሉ ትልቅ መንኮራኩር ላይ ታስሮ፣ አፉን ወደ ሰማይ ያቆምና ሙሉ ዙር ይዞራል። ለእያንዳንዱ ደወል አንድ ሰው ይመደባል። ዜማ አይጫወቱም፤ ተራቸውን እየቀያየሩ ነው የሚደውሉት። ስድስት ደወል 720 ዓይነት ቅደም ተከተል ያወጣል፤ ስምንቱ ደግሞ 40,320! በ1963 እ.ኤ.አ. ላፍቦሮ ከተማ ስምንት ሰዎች ያለ ተቀያሪ 18 ሰዓት ያህል ደውለው ጨርሰውታል። ጉድ እኮ ነው!

የእኛ ቡድን ልምምድ ማክሰኞ ማታ ነው። ሃይማኖቴንም ገንዘብም የጠየቀኝ የለም። የሚያስተምሩኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። "ጉልበትህን ተወው፣ ጆሮህን ክፈት" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ግማሽ ቶን ነሐስ በክንድ አይረታም። የጎናችሁን ሰው እያያችሁ፣ እያዳመጣችሁ ተራችሁን ትጠብቃላችሁ።

አንድ ማክሰኞ ጉንፋን ይዞኝ ብቀር ስልኬ ጮኸ፤ "የት ጠፋህ? ስድስተኛው ደወል ሰው የለውም!" በዚያ አገር የመጣሁ የሄድኩበትን የጠየቀኝ ሰው ሲገኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስለዚህ ባዕድ አገር የገባችሁ ልጆች፣ ክፍላችሁን ዘግታችሁ አትቆዝሙ። ብትቀሩ የምትፈለጉበት ቦታ ግቡ።