አሮጌው ጆተኒ ወይስ አዲሱ? ዋጫ ላይ የታየ ሽምግልና

መቼም የእህት ልጅ ስልክ ደውሎ «አጎቴ፣ አንድ ነገር ላማክርህ» ሲል ሰው የሚገምተው ወይ ፍቅር ይዞታል፣ ወይ ገንዘብ ቸግሮታል ብሎ ነው። የእኔው ግን ያማከረኝ ስለ ጆተኒ ነው። አዎ፣ ብረት እየገፋንና እየሳብን ጎል ስለምናገባበት ስለዚያ ጠረጴዛ! ልጁ የሚኖረው በከፋ ዞን፣ በጨና ወረዳ፣ ዋጫ ከተማ ነው። ሁለት ዓመት ቡና ለቅሞና ሸጦ ያጠራቀማት ገንዘብ አለችው። በእሷ ጆተኒ ገዝቶ ማጫወቻ ቤት ሊከፍት አስቧል። በዚያው ምሽት እናቱ ደወለችና እያለቀሰች «ልጄ ቁማርተኛ ሊሆንብኝ ነው፤ መጥተህ ምከርልኝ» አለችኝ። እኔም ለእናትየው «እሺ»፣ ለልጁም «እሺ» ብዬ ሁለት ዓይነት እሺ ይዤ መንገድ ጀመርኩ።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከጅማ ወዲያ የጎጀብን ወንዝ ሲሻገሩ ከፋ ተገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዳገቱም ደኑም ደመናውም አይጣል ነው! ቦንጋ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ እንግዳ በዝቶባታል። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ የውሽውሽን የሻይ ልማት አልፈው፣ ሺሺንዳን አልፈው ዋጫ ይደርሳሉ። እዚያ አገር ዝናብ ክረምት ብቻ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ቤተኛ ነው። ይህን ዝናብ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ለነገራችን ያስፈልገናል።

ልጁ ቦንጋ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ለካስ ሊገዛው ያሰበው ዓይነት አዲስ ጆተኒ እዚያው ቦንጋ አንድ ማጫወቻ ቤት ውስጥ ስለነበረ ሊያሳየኝ ኖሯል! ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ «አጎቴ፣ እስቲ አንድ ጨዋታ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ዕቃው ያምራል። ሜዳው አረንጓዴ፣ መስመሩ ነጭ፣ ጎኑ ላይ የአውሮፓ ተጫዋቾች ፎቶ ተለጥፎበታል። ብረቱ ውስጡ ክፍት ቱቦ ስለሆነ ቀላል ነው፤ በሁለት ጣት ይንቀሳቀሳል። ሰዎቹ ፕላስቲክ ናቸው። ማዕዘኑ ከፍ ስላለ ኳሷ ጥግ ላይ አትቀርም፣ ተንከባልላ ወደ ጨዋታ ትመለሳለች። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! በእኛ ጊዜ ጥግ ላይ በቆመች ኳስ ምክንያት «በእጅህ ነካህ፣ አልነካሁም» እየተባለ ስንቱ ተፈነካክቷል። ልጁ ኳሷን ከአማካይ ወደ አጥቂ እያቀበለ፣ እኔ ገና እጀታዬን ሳስተካክል 5 ለ 1 ሸኘኝ።

ተናድጄ በኃይል ስመታ ግን ጠረጴዛው ራሱ ከቦታው ተንሸራተተ። ጎንበስ ብዬ ከሥር ባየው ጉዱ ወጣ። አካሉ ቺፑድ ነው፤ ከላይ ወረቀት ለብሷል። ወረቀቱ በተላጠበት በኩል ቺፑዱ እርጥበት ጠጥቶ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል። የበረኛው ብረት ጎብጧል። አንደኛው አጥቂ ከወገቡ ተሰንጥቆ በፕላስተር ታስሯል። ባለቤቱን «ስንት ጊዜው ነው?» ብለው «ገና አንድ ክረምት ነው ያለፈው» አለኝ። «የተሰበረውስ?» «መለዋወጫ የለውም፤ አዲስ አበባ አስፈልጌ አጣሁ።»

በማግስቱ ዋጫ ገባን። እዚያ ደግሞ አንድ አረጋዊ ዕድሜያቸው ስለገፋ ማጫወቻ ቤታቸውን ሊዘጉ ነውና ጆተኒያቸውን ለሽያጭ አቅርበዋል። ልጁ «አጎቴ፣ እሱን እንኳ ተወው፤ ያረጀ ነው» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሳየው ልቤ ዘለለ። ያደግኩበትን ጆተኒ የሚመስል! አካሉ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ ነው። እግሮቹ ከአካሉ ጋር በቡሎን ታስረዋል። ብረቱ ድፍን ነው። ሰዎቹ ከእንጨት የተጠረቡ፣ እግራቸው ከመምታት ብዛት የተሸራረፈ፣ ቀለማቸው የለቀቀ። ጎል የሚቆጠረው በሽቦ ላይ በተሰኩ ዶቃዎች ነው።

አንዱን ጥግ ላነሳ ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። «አራት ሰው ጥራ ልጄ» ብለው ሳቁብኝ ሽማግሌው።

ከልጁ ጋር ገጠምን። እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ በእጅ የሚታወቀው። ድፍን ብረት ሲጀምር ይከብዳል፤ በጣት አይሆንም፣ አንጓ ይፈልጋል። ግን ካቆምከው ቦታ ይቆማል። ኳሷን ረግጠህ ይዘህ አስበህ መምታት ትችላለህ። ስትመታም «ጓ!» ብላ ጎል ውስጥ ስትገባ ድምፁ ደረት ውስጥ ይሰማል። ጠረጴዛው ፈቀቅ አይልም። ልጁ በአዲሱ የለመደው ፍጥነት እዚህ አልሠራለትም። 5 ለ 3 አሸነፍኩት። በአጎትነቴ አልደበቅኩም፣ ጨፈርኩ!

አሮጌውን ግን ነፃ ነው አልልም። ብረቱ ከወዲያኛው ጎን ወጥቶ የጎን አጥንቴን ሁለት ጊዜ ወግቶኛል፤ ትንሽ ልጅ አጠገቡ ቢቆም ፊቱን ይመታዋል። ሜዳው ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ሽማግሌው ከእግሩ ሥር የጎማ ቁራጭ ሸጉጠውበታል። ጥግ ላይ የቆመች ኳስ እንደ ቆመች ናት። ግራሶ ካልተቀባም ይጮሃል።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የጠረጴዛ ኳስ ሃሮልድ ሰርልስ ቶርንተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብት ያወጣበት ጨዋታ ነው። እስከ ዛሬም ጠረጴዛው ከአገር አገር ይለያያል፦ በፈረንሳዩ ቦንዚኒ ላይ የሚቆሙት ሰዎች አልሙኒየም ናቸው፣ ብዙዎቹ የጣሊያን ጠረጴዛዎች ደግሞ ሜዳቸው መስታወት ነው። በአንዱ ላይ ጌታ የሆነ በሌላው ላይ ተማሪ ይሆናል። ጣሊያኖች ፍሊፐር የሚሉት ፒንቦልም እንዲሁ ነው። እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የተሠሩት በሞላ፣ በማግኔትና በእውነተኛ ደወል የሚሠሩ ስለነበሩ ዊንጭትና ሞረድ የያዘ ሰው ይጠግናቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሮኒክስ ገባ፤ ጨዋታው ፈጠነ፣ ብልሃቱ በዛ፤ ሰሌዳው ከተቃጠለ ግን ዊንጭት ብቻውን አያድነውም። እንግዲህ አዲስ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ደህና ፋብሪካ የሠራው አዲስ ጠረጴዛ ከአሮጌው ይበልጣል። ጥያቄው እኛ ጋ የሚደርሰው የትኛው ነው? ሲሰበርስ ማን ይሠራዋል? ነው።

ማታ እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ሸንጎው ተቀመጠ። እህቴ «መጣህልኝ ስል ጭራሽ አብረኸው ስትጫወት ዋልክ አሉ!» ብላ አኮረፈች። ያኔ ለሠላሳ ዓመት የደበቅኩትን ተናገርኩ። እናታችን ለደብተር መግዣ የሰጠችኝን ብር በልጅነቴ በአንድ ከሰዓት በጆተኒ ውርርድ ተበልቼ፣ «ገንዘቡ ወደቀብኝ» ብዬ ዋሽቻት ነበር። እህቴ አፏን ይዛ ቀረች። «እንግዲህ ፍርሃትሽ ከየት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የበላኝ ግን ጠረጴዛው ሳይሆን ውርርዱ ነው» አልኳት። ልጁም ሁለት ቃል ገባ፦ ዩኒፎርም የለበሰ በትምህርት ሰዓት አይገባም፤ በገንዘብ የሚወራረድ ብረቱን አይነካም። እህቴ ቃሉ በወረቀት ይጻፍ ብላ አስጻፈች፣ እኔን አስፈረመች።

ጆተኒውን በተመለከተ ግን ውሳኔውን ለእሱ ተውኩለት። ለእናንተም፣ በዚህ ሥራ ገንዘባችሁን ልታውሉ ላሰባችሁ፣ ያልኩትን ልድገመው። ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ጥግ አንሡ፤ በአንድ እጅ ከተነሣ በጨዋታ ጊዜም ይሸሻችኋል። ኳስ ሜዳው መሀል አስቀምጡና ወዴት እንደምትሄድ እዩ። ብረቱን መሀል ላይ ጫን በሉት፤ ከጎበጠ ተዉት። ጎንበስ ብላችሁ ሆዱን እዩ፤ ያልተሸፈነ ቺፑድ ካለና አገራችሁ እንደ ከፋ ዝናባም ከሆነ አንድ ክረምት አይሻገርም። በመጨረሻም ከሰፈራችሁ አናጢና በያጅ ጠርታችሁ «ይሄ ቢሰበር ትሠራዋለህ?» በሉት።

ልጁ የዋጫን አናጢ ይዞ ሄዶ ጠየቀ። አናጢው አንዱን የተሸራረፈ ሰውዬ ነቅሎ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ይሄን እስከ ነገ እጠርብልሃለሁ» አለው። ጥጎቹን ከፍ የሚያደርግ የእንጨት ሽብልቅ እንደሚገባለት፣ የብረቱ ጫፍ ላይም ወፍራም ጎማ እንደሚለብስ ተነጋገሩ። አሮጌው ተገዛ። ዋጋው ከአዲሱ ግማሽ አይሞላም፤ የተረፈው ለቤት ኪራይ ሆነ።

ስምንት ጎረምሳ ተሸክሞት በጭቃው መሀል ሲያልፍ እህቴ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ማንም የማያያት መስሏት ቀረብ አለችና አንዱን ብረት ገፋ፣ ሳብ አደረገችው። «ይሄስ እንሰት የፋቀ ክንድ ይፈልጋል» አለች። ቀጥላ ኳሷን መታቻት፤ ጎል ገባ። ልጇ ዶቃውን አንድ ሲያሳልፍላት አይታ ፈገግ አለች።

ስመለስ ቦንጋ ላይ ያንን አዲሱን ጆተኒ በመስኮት አየሁት። በረኛው በሽቦ ታስሯል፣ ልጆች ግን ከበውት ይጫወታሉ። ለእህቴ ልጅ ከክረምት በኋላ ደውዬ የዋንዛው ጠረጴዛ እንዴት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። እናንተም ወደዚያ ብቅ ካላችሁ ግቡና ግጠሙት። ብቻ ከወዲያኛው ጎን አትቁሙ፤ ብረቱ ይወጋል!