ካሮትና ውርጭ

እኔ የደብረ ብርሃን አካባቢ ገበሬ ነኝ። አገራችን ደጋ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ይጥላል።

ባንድ ዓመት ሁለት ዶሮ ሸጬ የካሮት ዘር ገዛሁ። ጥቅምት ሲገባ ከወንዙ ዳር፣ ረባዳው ላይ ዘራሁ። ቡቃያው አማረ። ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ሰማዩ ጠራ፤ ነፋስም አልነበረም። ጧት ስወጣ መሬቱ ነጭ ሆኗል። ፀሐይ ሲሞቅ ቡቃያው ጠቁሮ ተኛ። ዶሮውም ሄደ፤ ዘሩም ቀረ። ባለቤቴ ምንም አላለችኝ። እኔ ግን አፈርሁ።

አንዲት አሮጊት ጎረቤቴን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ብርድ እንደ ውሃ ነው፤ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ካሮት ደግሞ ሦስት አራት ወር ይፈልጋል። ከውርጩ ወደ ኋላ ቁጠር» አሉኝ።

እኔም ቆጠርሁ። አሁን ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እዘራለሁ። ቦታው ተዳፋት ነው። ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አደርጋለሁ። ጥቅምት ሲያልቅ ካሮቱን እነቅላለሁ።

ማንበብና መጻፍ ከተማርሁ ወዲህ ውርጭ የጣለበትን ቀን ሁሉ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ሰው ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም። እናንተስ? ባገራችሁ የመጀመሪያው ውርጭ መቼ ይጥላል? ጻፉት።