ሚጥሚጣ ለምን ትነክሳለች?

እዚህ ቻናል ላይ የለመዳችሁት የኑሮ ውድነትና የፖለቲካ ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ወፍ ላወራችሁ ነው። ታገሱኝ፤ መጨረሻው ወደ ሰፈራችን ይመለሳል።

አንድ ወዳጃችን ወደ ውጭ ሲሄድ ላቭበርዱን ከነሽቦ ቤቷ ሰንዳፋ ድረስ አምጥቶ ሰጠን። አረንጓዴ፣ ፊቷ ቀላ ያለ፣ ትንሽዬ በቀቀን ናት። ልጆቹ በሦስተኛው ቀን ስም አወጡላት፤ ሚጥሚጣ። ጣቱን ያላቃጠለችው ሰው ቤት ውስጥ አልነበረማ።

እኔ እንደ አባወራ "ቆይ፣ እኔ አለምዳታለሁ" አልኩ። ወፍራም ጓንት አጥልቄ፣ ጨብጬ ይዤ እያሻሸሁ ላላምዳት ሞከርኩ። በሳምንቱ እጄን ባየች ቁጥር ከሽቦው ጋር እየተላተመች ላባዋ ይረግፍ ጀመር። አንድ ቀን ያለ ጓንት ስገባ አውራ ጣቴን ነክሳ አደማችኝ። ጮህኩባት፤ ቤቷን በጨርቅ ሸፈንኩት። ልጄ ያን ጊዜ ያለችኝን አልረሳውም፦

"አባዬ፣ እኔም ብሆን እነክስሃለሁ።"

ማየት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ትንሽ ወፍ የሚያድናት ብዙ ነው። ከላይ የሚወርድባት ነገር ሁሉ ለእሷ ጭልፊት ነው፤ የእኔም እጅ። ደግሞ ንክሻ የመጀመሪያ ቃሏ አይደለም፣ የመጨረሻዋ ነው። ከዚያ በፊት ላባዋን ከሰውነቷ ታጣብቃለች፣ ወደ ኋላ ታዘነብላለች፣ አፏን ትከፍታለች። ሦስቱን በዓይኔ ሳልሰማ ስቀር አራተኛውን በጣቴ ሰማሁ።

አካሄዴን ቀየርኩ። መጀመሪያ ቡና ከሚፈላበት ሳሎን አወጣኋት፤ የከሰልና የዕጣን ጭስ ለወፍ ሳንባ አደገኛ ነው። ጀርባዋ በግድግዳ እንዲከለል ጥግ ይዛ እንድትቀመጥ አደረግሁ። ጠዋት ጠዋት አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ትኩር ብዬ ሳላያት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዜና አነባለሁ። ዳጉሳ ጣል አድርጌላት እሄዳለሁ። ወደ ኋላ ካዘነበለች እጄን እመልሳለሁ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። "አይሆንም" ስትል እንደምሰማት ካወቀች መንከስ አያስፈልጋትም። አልፎ አልፎ ስትነክሰኝም አልጮህኩም፣ አልቀጣኋትም። ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። አንድ ጠዋት ከመዳፌ ላይ ዳጉሳ ለቀመች። ዛሬም ጣቴ ላይ የምትወጣው ስትፈልግ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህን አንብባችሁ ከጫካ ወፍ እንዳትይዙ። የዚህችው ዘመድ የሆነችው ክንፈ ጥቁር ላቭበርድ በዓለም ላይ በዱር የምትኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። እሷ በዛፏ ላይ ትኑር።

አሁን ወደ ሰፈራችን። የአዲስ አበባን ቆሻሻ እንዲቀበል በፈረንሳይ የገንዘብ ድጋፍ የተሠራው የሰንዳፋ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ገበሬዎች ስለ ሽታው፣ ስለ ውኃቸው፣ ስለ ከብቶቻቸው አቤት አሉ። በዚያው ዓመት ክረምት ተቃውሞው በረታና ሥራው ቆመ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የመናዱ ምክንያት ብዙ ነው፤ በአንድ ነገር አላሳብብም። ግን በሁለቱም ቦታ ዋጋ የከፈለው ድሃው ነው።

ገበሬን ከወፍ ጋር እያነጻጸርኩ አይደለም። የማነጻጽረው እጆቹን ነው፤ የእኔን እጅና "ለእናንተው ልማት ነው" እያለ ከላይ የሚወርደውን እጅ። ሁለቱም ክፉ አላሰቡ ይሆናል። እኔም ሚጥሚጣን ስጨብጣት የወደድኳት መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ቦታ ሕዝብ ተቆጣ ሲባል፣ "ለምን ነከሰ?" ከማለታችን በፊት "ከመንከሱ በፊት ምን ብሎ ነበር? ማንስ ሰማው?" ብለን እንጠይቅ።

ሰላም እደሩ።